በኮር ዊሊያም ያላደጉት ዶሮዎች

ጁባ የሄድኩት አገር ለማየት አይደለም። አገር ለማየት የሚሄድ ሰው ፎቶ ይዞ ይመለሳል፤ እኔ ይዤ የተመለስኩት ትንኝ የበላው ጆሮ ነው። የሄድኩት ለሦስት መቶ ዶሮ ነው። አብዛኞቻችሁ ጁባን አታዩም፤ ባታዩም አትሞቱም። ዶሮ የምታረቡ ካላችሁ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡ።

ዶሮዎቹ የኛማል ናቸው። ኛማል የኑዌር ልጅ ናት፤ ጋምቤላ በስደተኛ ካምፕ አድጋ፣ ቢሾፍቱ እኔ የምሠራበት የዶሮ እርባታ ውስጥ አራት ዓመት አብራኝ ሠርታለች። ጫጩት አያያዝ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ከዚያ አገሯ ገባች፣ አገባች፣ ሁለት ሴት ልጆች ወለደች፣ ባሏ ታሞ ሞተ። ጁባ ኮር ዊሊያም በሚባለው ሰፈር የምትኖርበት ግቢ የባሏ ዘመዶች ነው። ዘመዶቹ፣ "ገጠር፣ አኮቦ፣ አማትሽ ጋ ሂጂና ልጆችሽን እዚያ አሳድጊ" አሏት። እሷ ደግሞ ልጆቼ ትምህርት ላይ ናቸው፣ ዶሮ አርብቼ ራሴን እችላለሁ አለች። አንድ ዙር ሞክሪ ተባለች። ያ አንድ ዙር አምስተኛ ሳምንቱ ላይ ሲደርስ በስልክ ድምፅ ላከችልኝ፤ "ጋሼ፣ አያድጉም። እሑድ ሽማግሌዎቹ ሊያዩ ይመጣሉ።"

ፈቃድ ጠየቅሁ። አለቃዬ፣ "ለዶሮ ብለህ ጁባ?" አለኝ። እሱ ለዶሮ ብሎ ሆላንድ ድረስ ሁለት ጊዜ ሄዷል፤ ያን ጊዜ ግን ስሙ ሥልጠና ነበር።

ማክሰኞ

ከቢሾፍቱ ቦሌ ለመድረስ የፈጀብኝ ጊዜ ከቦሌ ጁባ ለመድረስ ከፈጀብኝ ይበልጣል። መንገዱ ተቆፍሯል። ሁልጊዜም እንደተቆፈረ ነው።

አውሮፕላኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ኮት የለበሰ ወጣት የሆነ ድርጅት አማካሪ ነኝ አለኝ። "አባት፣ እርስዎ ለምን ጉዳይ ነው?"

"ለዶሮ።"

"ሊያስገቡ ነው ሊያስወጡ?"

"ልጠይቃቸው።"

እስክናርፍ ድረስ ሁለተኛ አላናገረኝም፤ ተመስገን። ምሳው ሩዝ በዶሮ ነበር። ገልበጥ አድርጌ ደረቱን አየሁት፤ አጥንቱ እንኳ ገና አልጠናም። ልጅ ነው። በላሁት፤ ምን ላድርግ።

የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት የጫጩት ማሞቂያ ክፍል የገባሁ መሰለኝ። እኛ ቢሾፍቱ ጫጩት እንዳይበርደው ከሰል የምናነድበትን ሙቀት እዚህ እግዜር በነፃ ለትልቅ ሰው ያድለዋል።

ፍተሻው ላይ ሻንጣዬን ከፈቱት። ውስጡ አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ዕቃ አለ፦ የደረቀ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ፌጦና የሽፈራው ቅጠል በየላስቲኩ ተፈጭቶ። እዚህ ላይ ልንገራችሁ፤ አሁን አሁን ዓለም ሁሉ "ተፈጥሯዊ" ሆኗል። የዶሮ ሐኪሞች እኛ እርባታ ድረስ መጥተው፣ መድኃኒት አታብዙ፣ ሽንኩርት ስጡ፣ አዝሙድ ስጡ፣ ለእድገትም ለጤናም ጥሩ ነው ብለው በስላይድ አስተማሩን። እናቴ ከመቶ ብር የበለጠ ገንዘብ ጨብጣ የማታውቅ ሴት ስለነበረች ለዶሮዎቿ የምትሰጠው እሱኑ ነበር። ስላይድ ግን አልነበራትም።

ፈታሹ ዕቃውን ከፍቶ አሸተተ። በአረብኛ የሆነ ነገር ጠየቀኝ። በእጄ ክንፍ ሠራሁለት። "ዶሮው የት አለ?" ማለቱ ይመስለኛል፣ ሻንጣውን እስከ ታች በረበረው። ከዚያ ሦስት ጊዜ አስነጠሰ። አጠገቡ ያለችው ባልደረባው ሳቀች፤ በጥሩ አማርኛም፣ "አባባ፣ እኔ ኢትዮጵያ ነው ያደግኩት። ይሄ ለጉንፋን ነው?" አለችኝ።

"ለዶሮ ነው።"

"ጉንፋን ግን አይከለክልም?"

አይከለክልም አልኳት። ዕቃውን ራሷ ከድና ወደ ሻንጣዬ መለሰችው፣ ዚፑንም ዘጋችልኝ፣ ሻንጣውንም እስከ በሩ ተሸከመችልኝ። "ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም" አለች። ቦሌ ላይ ሻንጣዬን የተሸከመልኝ አልነበረም።

ውጭ ኛማል ቆማለች። ድሮም ረጅም ናት፤ ልታቅፈኝ ስትጎነበስ እንደ ሽመላ ነው። ከስታለች። ከኋላዋ ከእሷ የሚረዝም ዱላ የያዘ ሰው አለ፤ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም፣ ጋትሉዋክ። እሱም ጋምቤላ፣ ኢታንግ ነው ያደገው። አማርኛ አሳምሮ ይናገራል፣ ግን ለሽማግሌውም ለሕፃኑም "አንተ" ነው የሚለው።

"አንተ ነህ የዶሮ ሐኪሙ?"

"ሐኪም አይደለሁም። የዶሮ ቤት ሠራተኛ ነኝ።"

"ጥሩ። ሐኪም ብትሆን አላምንህም ነበር።"

እኛ ባጃጅ የምንላትን እነሱ ራክሻ ይሏታል። ሦስታችን ገባን፣ የጋትሉዋክ ዱላ አልገባም፤ ግማሹ ውጭ ቀርቶ መንገደኛ ሲያስጎነብስ ሄድን። ጉድጓዱን የሚያውቅ ሹፌር ነበር፤ አንድም አላለፈውም።

ማታ ዋልዋል አበሉኝ። ማሽላ ነው፤ እንደ ቂንጬ ሆኖ በወተት የሚበላ፣ ሆድ ላይ የሚተኛ ደግ ምግብ። ለእኔ ሲባል ፍየል ታርዷል። የታረደው ፍየል ነው፤ ዶሮ አይደለም። ለምን ብዬ ስጠይቅ ጋትሉዋክ ሳቀ። "ዶሮ እኮ ወፍ ነው። ለእንግዳ ወፍ ይታረዳል እንዴ?" እኛ አገር ዶሮ ካልታረደ በዓል አልዋለም። እዚህ ሕፃናት የሚጫወቱበት ነገር ነው።

ከዚያ በሬውን ነገረኝ። ኑዌር ወንድ አንድ የእኔ የሚለው በሬ ይኖረዋል፤ በበሬው ስም ይጠራል፣ ዘፈን ያወጣለታል። የጋትሉዋክ በሬ ሪያል ይባል ነበር፤ ጥቁርና ነጭ፣ ቀንዱ የዞረ። የዶሮ ቤቱ የተሠራው፣ ጫጩቶቹም የተገዙት ዘመድ ወስኖበት ሪያል ተሸጦ ነው። "በየቀኑ ገብቼ አያቸዋለሁ" አለኝ። "አንዷን አነሣና፣ ይህቺ የሪያል ጆሮ ናት? ጅራቱ? እላለሁ። በሬዬ እኮ ላባ አበቀለ።"

ኛማል ሳህኑን ሰበሰበች። አልጋዬ ላይ የተሰቀለው አጎበር አንድ ቀዳዳ ነበረው። የጁባ ትንኝ ሁሉ አድራሻውን ያውቀዋል።

ረቡዕ

ሳይሞቅ ገባሁ። ቤቱ ጥሩ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ሽቦ፣ መሬቱ ላይ ሰጋቱራ በወጉ ተነጥፏል። ያስተማርኩትን አልረሳችም። ዶሮዎቹን ግን አይቶ ማልቀስ ነው። አምስት ሳምንት የሞላው የሥጋ ዶሮ ከራሱ ክብደት የተነሣ መሄድ ሰልችቶት መቀመጥ ነበረበት። እነዚህ ክንፋቸውን አንጠልጥለው፣ አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል፤ እንደ ቀበሌ ወረፋ። አንዱን አንሥቼ ደረቱን ዳሰስኩት፤ አጥንቱ እንደ ቢላ ነው። አንገቱ ሥር ያለው የምግብ ከረጢት ባዶ። መኖው ግን ገበታው ላይ ሞልቷል። ቀመስኩት፤ መኖው ደህና ነው፣ ከኡጋንዳ የመጣ።

ከዚያ ውሃ መጠጫዎቹን አየሁ።

የመጀመሪያው ላይ የኒም ቅጠል ተዘፍዝፏል። ሁለተኛው ላይ ዘይት ተንሳፍፏል። ሦስተኛው አመድ አለው። አራተኛው ውስጥ በርበሬ የመሰለ ነገር። ሁሉም ሥር ደግሞ የተቆራረጠ እሬት።

"ይሄ የዶሮ ቤት ነው ወይስ ጠበል?"

"ሰው አዝኖ የሰጠኝ ነው፣ ጋሼ።" በጣቷ እያሳየች ዘረዘረችልኝ። ኒሙን ያመጡት የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ ናቸው። ዘይቱ የጥቁር አዝሙድ ነው፤ ሀይ ጀላባ ሰፈር ከሚነግዱት ሐጂ ከድር የተገኘ። አመዱ የጎረቤት፣ በርበሬው የሌላ ጎረቤት።

"ሰው የሰጠሽን ሁሉ ታጠጫለሽ?"

"ሽማግሌው በዚህ ፀሐይ በእግራቸው ነው ይዘው የመጡት። ተቀብዬ ብጥለውና በኋላ መጥተው ቢያዩ?"

እውነቷን ነው፤ ይመጣሉ። ጁባ እንደ ቢሾፍቱ ነው፤ ምክር የሰጠህ ሰው ምክሩ መበላቱን ሊቆጥር ተመልሶ ይመጣል። ሰደብኳቸው፤ ሽማግሌውን፣ ሐጂውን፣ ጎረቤቶቹን፣ በቅደም ተከተል። ሽንኩርትም ሆነ አዝሙድ በጥቂቱ መኖ ውስጥ ገብቶ የሚጠቅም ነገር ነው፤ አንድ ላይ ተጨምሮ ሲዘፈዘፍ የእብድ ወጥ ነው አልኩ። ጋትሉዋክ ዱላው ላይ ተደግፎ ይሰማኛል። ደስ ብሎታል።

"እሬቱስ?" አለች ኛማል።

እሬቱ የእኔ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ደም ሲያስቀምጣቸው በስልክ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ደሙም ቆሟል።

"እሬቱን ተዪው" አልኩ። "እሱ መድኃኒት ነው።"

ሌላውን አስደፋሁ። ቢሾፍቱ ውሃ መድፋት ቧንቧ መክፈትና መዝጋት ነው። እዚህ ውሃ ከነጭ አባይ ተቀድቶ በቦቴ መጥቶ ነው ሰማያዊው ታንከር ውስጥ የሚገባው፤ እኔ ስደፋ የግቢው ሴቶች ቆመው አዩኝ፤ የሰው ዕቃ እንደሚሰብር ልጅ። ኛማል ታንከሩን እንደገና አስሞላች።

ሐሙስ

ሐጂ ከድርን ልሰድብ ሀይ ጀላባ ሄድኩ። በቦዳ ነው የሄድኩት፣ በሞተር። ሹፌሩ ኩሬ ውስጥ ሲገባ ሞተሩ ወደ ግራ ሄደ፣ እኔ ወደ ቀኝ። ሱሪዬ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ የሐጂው ሱቅ በር ላይ ደረስኩ።

ሐጂ ከድር የስልጤ ሰው ናቸው፤ ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት በጅምላ ይሸጣሉ። ገና ስሜን ሳይጠይቁኝ ውሃ በማስታጠቢያ አስመጥተው እግሬን አስታጠቡኝ። ሰውዬው እግራችሁን ካስታጠቡ በኋላ መስደብ ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቃላችሁ። ሆኖም ሞከርኩ።

"ሐጂ፣ ለዶሮ ዘይት የሰጡት እርስዎ ነዎት?"

"የምን ዶሮ?"

"የኛማል። የጥቁር አዝሙድ ዘይት።"

"ያ ረቢ! ለልጆቿ ሳል ነው እኮ የሰጠኋት!" ጭንቅላታቸውን ያዙ። "ከተረፈ ለዶሮዎቹም ይሆናል ብያለሁ መሰለኝ። ቀልድ ነበር።"

ከዚያ ምሳ ሆነ። ዓሣ ጠብሰው፣ ሩዝ አድርገው፣ እንጀራም ከየት እንዳመጡት እንጃ አስመጥተው ይኸው ብሉ አሉ። እኛ ቢሾፍቱ የሐይቅ ዓሣ ስንበላ አጥንት እየለቀምን ነው፤ የአባይ ዓሣ ግን አንዱ ለሦስት ሰው ይበቃል። ሱቁ ጥግ ያለ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከብራዚል የመጣ የበረዶ ዶሮ ተደርድሯል። "ይሄ ነው ባላጋራዋ" አሉኝ ሐጂ። "ባሕር ተሻግሮ መጥቶ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ካደገው ቀድሞ ይወፍራል።"

እያጎረሱኝ የዶሮዎቹን ነገር ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። "ውሃ ይጠጣሉ?" አሉ።

"ሐጂ፣ ዶሮ ውሃ እንዴት አይጠጣም?"

"እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ምን አውቃለሁ። እዚህ ሙቀት ውስጥ ግን ሰው ውሃ ካልጠጣ እህል አይወርድለትም፣ ብዬ ነው።"

ሠላሳ ዓመት የዶሮ ኩስ ጠርጌአለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ የመኖ ከረጢት ላይ ያለውን ለማንበብ ብዬ ነው። ስኳር ሻጭ እንዲያስተምረኝ አልፈለግሁም። "ይጠጣሉ" አልኩ፣ ቆጣ ብዬ። ሲሸኙኝ አንድ ካርቶን ቴምር አሸከሙኝ። አልሰደብኳቸውም።

ዓርብ

ነገራቸው ግን ሲበላኝ አደረ። ጎህ ሲቀድ በየመጠጫው ላይ ውሃው የደረሰበትን በከሰል አሰመርኩ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ተመልሼ አየሁ። ውሃው ከመስመሩ የጎደለው የሰው ጥፍር ያህል ነው። በዚህ ሙቀት እኔ ብቻዬን ከዚያ የበለጠ ጠጥቻለሁ። አንዷ ዶሮ መጣች፣ መንቁሯን ነከረች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ሄደች። ሌላዋም እንዲሁ። ለሁለት ቀን እዚያው ቆሜ ሳላየው ቀርቻለሁ፤ መሳደብ ላይ ነበርኩና።

ኩባያ አንሥቼ ከመጠጫው ቀዳሁ። ጠጣሁት።

እሬት ቀምሳችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ። እናቶቻችን ጡት ለማስጣል የሚቀቡት ነገር ነው፤ የሚያስጥለውም በምክንያት ነው። ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ ዓይኔ አለቀሰ። እስከ ማታ ምራቄ አልጠራም።

"ኛማል!"

መጣች፤ ጋትሉዋክም ከኋላዋ።

"ይህን ከመቼ ጀምሮ ነው የምትጨምሪው?"

"ካዘዙኝ ቀን ጀምሮ።"

"በየቀኑ?"

"በየቀኑ። ውሃ ሲቀየር አዲስ እቆርጣለሁ።"

"ሦስት ሳምንት? ደሙ ከቆመ በኋላ ለምን አልተውሽውም?"

"ተዪው አላሉኝም።"

"ታዲያ አትጠይቂኝም?"

ኩባያውን ከእጄ ተቀበለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንዳትቆጡኝ በሚል አነጋገር፣ "ቢሾፍቱ ሳለሁ፣ አንድ ጊዜ ከነገርኩሽ ሁለተኛ አትጠይቂኝ ይሉኝ ነበር" አለችኝ።

ብያለሁ። በየቀኑ ብያለሁ። የማውቀው ነገር ትንሽ ስለሆነ ሰው ደጋግሞ ሲጠይቀኝ ያልቃል ብዬ እፈራ ነበር መሰለኝ።

መጠጫዎቹን ሁሉ አወጣን፣ በአሸዋ ፈተግናቸው፣ ታንከሩን አጠብን። ንጹሕ ውሃ ብቻ ሞላን። መጀመሪያ ማንም አልመጣም፤ ለምደውት የለ፣ ያንን ዕቃ ሲያዩ ይሸሻሉ። አንዷ ኮሳሳ ቀረበች። ነከረች። ራሷን ቀና አድርጋ ዋጠች። እንደገና ነከረች። ከዚያ ሦስት መቶው ተነሥቶ መጣ። ኛማል ሽቦውን ይዛ ቆማለች። ያለቀሰች መሰለኝ፣ ዘወር አልኩላት።

ቅዳሜ

መኖውን ሙቀት ሳይመጣ ጎህ ሲቀድ፣ ማታም ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ መስጠት ጀመርን። በሉ። ገበታው ባዶ ሆነ። ግን ዶሮ ፊኛ አይደለም፤ በሁለት ቀን አይነፋም። እሑድ ነገ ነው። ሽማግሌዎቹ የሚያዩት ያው የከሳ ዶሮ ነው። ሁለቱ ደግሞ ማጠጫው ላይ ሲተራመሱ ተረጋግጠው ሞተዋል።

ኛማል ሽንኩርት እየከተፈች፣ "ነገ ለሽማግሌዎቹ እኔ ነኝ ያጠፋሁት እላለሁ" አለች። "ሳላውቅ የሰው ሁሉ መድኃኒት አበዛሁ እላለሁ። እርስዎ እንግዳ ነዎት።"

"እነሱስ ምን ይላሉ?"

"አኮቦ ሂጂ ይላሉ።" ሽንኩርቱን ወደ ድስቱ ገለበጠችው። "እርስዎን እንግዳዬን ሰው እንዲስቅብዎት አላደርግም።"

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሐሳቡ ደስ አለኝ። ለጥቂት ሰዓት በጣም ደስ አለኝ። የሐጂን ቴምር በላሁ፤ ኛማል ደግሞ አጎበሬን አውርዳ ቀዳዳውን በክር ሰፋችልኝ። ያ ነው ያበላሸብኝ። አጎበሩ ባይሰፋ ኖሮ ዝም ብዬ እመለስ ነበር ብዬ አስባለሁ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረላቸው። ትልቁ የሟች ባሏ አጎት ናቸው፤ ኮንግ ይባላሉ፤ ግንባራቸው ላይ ኑዌር ወንድ በወጣትነቱ የሚቆረጠው መስመር አለ፣ ኮታቸው ግን አዲስ ነው። ዶሮ ቤቱን ዞረው አዩ። አንዱን ዶሮ አነሡ፣ ክብደቱን በእጃቸው መዘኑ፣ አስቀመጡ። ለጋትሉዋክ የሆነ ነገር አሉት፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

"ምን አሉ?" አልኩት።

"የበሬህ ነፍስ የት እንዳለ ገባኝ፣ ሥጋው ግን አልደረሰም፣ ነው የሚለው።"

ኛማል ተነሣች። በኑዌርኛ ጀመረች። ቋንቋውን ባላውቅም እጇ ደረቷ ላይ ሲያርፍ ምን እያለች እንደሆነ ገባኝ።

"ቁጭ በይ" አልኳት። በቢሾፍቱ ድምፄ። ተቀመጠች። ተነሥቼ ለጋትሉዋክ፣ "ተርጉምልኝ" አልኩት። "እሬቱን ያዘዝኩ እኔ ነኝ። መቼ እንደሚቆም አልነገርኳትም። እንዳትጠይቀኝም ከልክያት ነበር። ዶሮዎቹ ያልበሉት ስለተጠሙ ነው፤ የተጠሙት ውሃቸው መራራ ስለሆነ ነው፤ መራራው የእኔ ነው።"

ጋትሉዋክ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ይተረጉም ጀመር። እኔ የተናገርኩት ይህንኑ ያህል ነው፤ እሱ ግን ረጅም ሰዓት ወሰደ። ዱላውን አነሣ፣ ኩባያ ጨልጦ እንደሚጠጣ ሰው ሆነ፣ ጉሮሮውን ያዘ፣ ዓይኑን አጉረጠረጠ፣ "ኛማል!" ብሎ በእኔ ድምፅ ጮኸ። ሴቶቹ ወንበር ላይ መቀመጥ አቃታቸው። ሽማግሌዎቹም። እኔ ቆሜ ሳቃቸው እስኪያልቅ ጠበቅሁ፤ ብዙ ሳቅ ነበራቸው።

ኮንግ ዓይናቸውን ጠርገው አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

"ቀምሰኸው ነበር? ይላል" አለ ጋትሉዋክ።

"ዓርብ ዕለት ቀመስኩት።"

ኮንግ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እንደገና ተናገሩ።

"ዓርብን አልጠየቅኩህም፤ ከማዘዝህ በፊት ወይ? ነው የሚለው።"

 ከማውቃቸው ሐኪሞች ሁሉ ይህን የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

ተነጋገሩ። ውሳኔው ይህ ነው፦ ዶሮዎቹ እስኪደርሱ ይጠበቃል፤ ኛማልም እስከዚያ ትቆያለች፤ ካደጉ ሁለተኛ አኮቦ የሚል ቃል አይነሣም። አንድ ነገር ግን ጨመሩ። ኑዌር ዘንድ በሬን ወደ ውሃ የሚነዳው ባለቤቱ ነው። የጋትሉዋክ በሬ እዚህ ቤት ውስጥ ካለ፣ ውሃው የጋትሉዋክ ሥራ ነው።

ጋትሉዋክ ይህኛውን ሳይተረጉምልኝ ቀረ። የነገረችኝ ኛማል ናት፤ እየሳቀች። ከመጣሁ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

ሰኞ

ቀድሜ ልንገራችሁ፣ እንዳትጨነቁ፤ ዶሮዎቹ አድገዋል። ዘግይተው ነው፣ ከብራዚሉም አይወፍሩም፣ ግን ንያኩሮን ሰፈር ለሠርግ ሄደው ተበልተዋል። ኛማል ጁባ ናት።

ሰኞ ዕለት ያመጣሁትን ዱቄት ለኛማል አሳየኋት። ውሃ ውስጥ ምንም አይገባም። ሽንኩርት ብቻውን፣ በቁንጥጫ፣ መኖ ውስጥ። ዶሮዎቹ ካልበሉት ይቀነሳል። ሽፈራው ሌላ ጊዜ፣ እሱም ብቻውን፤ ቅጠል ሲበዛ ሆድ ይሞላል እንጂ ሥጋ አይሆንም። ግድግዳው ላይ በከሰል የሚጀመርበትን ቀንና የሚቆምበትን ቀን ጻፍኩ። ፊደሌ ትልልቅና ጠማማ ነው፤ የጋትሉዋክን ዱላ ይመስላል። ኛማል ስለ እያንዳንዱ ሁለቴ ሁለቴ ጠየቀችኝ። ሁለቴ ሁለቴ መለስኩ። አላለቀብኝም።

ጋትሉዋክ ወንበሩን ታንከሩ ፊት አደረገ፤ ዱላውን ጭኑ ላይ አጋደመ፤ ኩባያ አጠገቡ። ከሰዓት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አዲስ የኒም ቅጠል ይዘው መጡ። ጋትሉዋክ በአክብሮት ተነሣላቸው፣ ቅጠሉን ተቀበለ፣ ኩባያው ውስጥ ጨምቆ፣ "መጀመሪያ አንተ" ብሎ አቀረበላቸው። ሽማግሌው ትንሽ ቀመሱ። ቅጠላቸውን ሰብስበው፣ "እኔ እንኳ ያመጣሁት ለትንኝ ነው" ብለው ለእኔ ሰጡኝ። ማታ አጎበሬ ሥር አጨስኩት። ለትንኝ እውነትም ጥሩ ነው።

ማክሰኞ

ራክሻው መጥቶ ሳለ ዶሮዎቹን አንዴ ልያቸው ብዬ ወደ ውስጥ አመራሁ። በመንገዴ አንድ ባልዲ ውሃ አነሣሁ፤ ባዶ እጅ መግባት አልለመድኩም። ጋትሉዋክ ዱላውን በሩ ላይ አጋደመው።

"ምን ይዘሃል?"

"ውሃ ነው። ከታንከርህ የቀዳሁት።"

"ኪስህን አላየሁም።" ኩባያውን ከባልዲው ነከረና ዘረጋልኝ። "መጀመሪያ አንተ።"

ኛማል ሻንጣዬን ይዛ ከኋላዬ ቆማለች። ሊስቅ የተዘጋጀ ብዙ ሰው ነበር።

ጠጣሁት። ሞቅ ያለ ነው፣ ትንሽ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል።

"ምን ይላል?" አለኝ።

"ውሃ ነው።"

ዱላውን አነሣልኝ።